ማንም አልሞተም

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህ የፊዚክስ ደብተር ነበር። ከፊት ያሉት ሰባት ገጾች ስለ ፍጥነት ናቸው። መምህሩ ስለ ግጭት ሲጀምር መጻፍ አቆምኩ።

ዛሬ ኢሳያስ ከአዲስ አበባ ደወለ። ከወንድሜ ከፍቅሩ ጋር ኪቦርድ ይጫወት የነበረው ነው። ስለ እማዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ፣ ከዚያ፣ «ጆሲ፣ የጥር ሃያ አራቱ ቅጂ ስልክህ ላይ አለ አይደል?» አለኝ።

«አለ።»

«አንድ አሳታሚ አግኝቻለሁ። አልበም አድርጎ ሊያወጣው ይፈልጋል። ፍቅሩ በሕይወት እያለ አንድም ሥራ አላስቀረጸም። ያለን ያንተ ስልክ ብቻ ነው።»

እሺ አልኩት።

ማታ። እማዬ ተኝታለች። ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንደሚነገር አድርጌ ልጻፈው፤ አንዳንዴ ለራሴም የሆነ አይመስለኝም።

ፍቅሩ የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ነበር። መንፋት የተማረው በፖሊስ ማርሽ ባንድ ነው፤ ጃዙን አዲስ አበባ ከኢሳያስ ጋር ለመደ። አባታችን ሲሞት እኔንና እማዬን ብሎ ወደ ቦንጋ ተመለሰ። ቦንጋ ውስጥ የጃዝ ሥራ የለም። የዕድር ሥራ ግን ነበር። የዕድራችን ጥሩንባ ነፊ ጋሽ ባፈና የፊት ጥርሶቻቸው ወልቀው፣ ጥሩንባውም ተሰንጥቆ ነበር። ስለዚህ ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ እየዞረ የሚነፋውና የሟቹን ስም የሚጠራው ፍቅሩ ሆነ፣ በገዛ ትራምፔቱ። ድምፁ ከከተማው ውጭ፣ ማንኪራ ድረስ ይሰማል ይባል ነበር። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ድምፁን ትንሽ ያጥፈዋል። የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ «አንተ ልጅ፣ የምትሸኘው አስከሬን ነው ወይስ ሙሽራ?» ይሉት ነበር።

ጥር 24 ኮረብታው ላይ ያለው ሆቴል ጃዝ እንዲጫወት ጠራው። ኢሳያስም ለዚያ ብሎ መጣ። አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ዝም ሲል ፍቅሩ ወደ በረንዳው ወጥቶ ብቻውን ነፋ። ከታች ያለው ከተማ የሰማው ጃዝ አልነበረም፤ የዕድር ጥሩንባ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢ ደርበው፣ እያለቀሱ ዳገቱን ወጡ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም። ጋሽ ተሰማ ሁለት ወር ታመው ተኝተው ስለነበር ሁሉም እሳቸው ናቸው ብሎ ወስኗል። ጎረቤታችን እትዬ የወርቅውሃ፣ «ወይኔ ተሰማ! ያ ደግ! ያ ለጋስ!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ።

ፍቅሩ ትራምፔቱን ከአፉ አወረደና፣ «ኧረ ማንም አልሞተም! ቁጭ በሉ!» አላቸው።

ቁጭ አሉ። ያፈረ ሁሉ ወዲያው ተነሥቶ መሄድ ስላልቻለ ጃዙን እስከ መጨረሻው ሰማ። በመጨረሻም አጨበጨቡ። እኔ ሁሉንም ቀረጽኩት።

የካቲት 26 ከሺሺንዳ ሲመለስ፣ ሞተር ሳይክሉ፣ የጭነት መኪና። በቃ።


ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

ለኢሳያስ ላክሁለት። መጀመሪያ ግን አርባ ሰከንድ ቆረጥኩ። ፍቅሩ የሚናገርበትን። ሙዚቃ አይደለም እኮ፤ አልበም ላይ ምን ይሠራል?

ከጠየቀኝ ስልክ ተደውሎልኝ ተቋረጠ እለዋለሁ።


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

ዕድሩ ጥሩንባ ስለሌለው የእጅ ድምፅ ማጉያ ገዝቷል። አንድ ቁልፍ ሲጫኑት እንደ አምቡላንስ ይጮኻል። ዛሬ ጠዋት ለአንዲት ሴትዮ ለቅሶ ዞረበት። የታችኛው መንደር እናቶች የክትባት ዘመቻ መስሏቸው ልጆቻቸውን አዝለው ወጡ።

አባቱ የሞባይል ሱቅ ያለው የክፍል ጓደኛዬ ሱሀይብ፣ «ስማ፣ ዛሬ ሦስት ሕፃናት ሊከተቡ ቀብር ሄዱ» አለኝ። ሳቅኩ። ከየካቲት ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደግሞ በሬሳ ላይ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ሀብተሥላሴ አገኙኝ። «ያ ትራምፔት ከሞተሩ ጋር ባይጠፋ ኖሮ ይህ ሁሉ ውርደት ባልመጣ ነበር» አሉና ራሴን ዳበሱኝ።

ፈተና አለብኝ ብዬ ሮጥኩ። ፈተና አለብኝ ማለት ልማድ ሆኖብኛል።


እሑድ፣ ሚያዝያ 26

ትራምፔቱ ከሞተሩ ጋር አልጠፋም።

እዚህ እንኳ ልጻፈው። ፍቅሩ በሞተ ማግስት ጎህ ሳይቀድ ጋሽ ሀብተሥላሴና ጋሽ ባፈና ትራምፔቱን ፈልገው መጡ። ሊነፋለት ነው። ጋሽ ባፈና፣ «ጥርስ የለኝም፣ ግን ለሱ እሞክራለሁ» አሉ። እኔ ይዞት ሄዶ ነበር አልኳቸው። አልጋው ላይ ነበር። እነሱ እማዬን ሲያጽናኑ በጓሮ በር ይዤው ወጣሁ። ከጓዳው ጀርባ ጋሽ ባፈና ለፍቅሩ የሠሩለት አዲስ ባዶ ቀፎ ነበር፤ ማንኪራ ሰቅለው ማሩን እኩል ሊካፈሉ ተስማምተው። ትራምፔቱን እዚያ ከትቼ ክዳኑን ገጠምኩ።

ካልተነፋ አልተነገረም። ያኔ ያሰብኩት ይህን ነው። አሁን ሲጻፍ ሞኝነት ይመስላል።

በዚያ ቀን ኔትወርክም አልነበረም። የማንኪራ ሰው አልሰማም፣ የላይኛው መንደርም አልሰማም። ለሰው ሁሉ አገር የጠራ ልጅ፣ የራሱ ድንኳን ግማሹ ባዶ ወንበር ነበር። እማዬ ወንበሮቹን ስታይ አየኋት።

በሳምንቱ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ጋሽ ባፈና መጥተው ቀፏቸውን ወሰዱ። ስመለስ ቦታው ባዶ ነው።

ስለዚህ የወንድሜ ትራምፔት ማንኪራ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ጋሽ ባፈናን ገበያ አገኘኋቸው።

«ዮሴፍ፣ ያ ቀፎ ጥሩ ቀፎ ነው። መንጋው በአንድ ቀን ገባበት።»

«ጥሩ ነው፣ ጋሼ።»

«ባዶውን ስሸከመው ግን ከበደኝ። እርጅና ነው መሰለኝ።»

«እርጅና ነው» አልኳቸው።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። «እርጅና ነዋ» ብለው ሄዱ። በካፊኖኖ ቋንቋ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ አልሰማሁትም። ወይም ሰምቼዋለሁ።


ሰኞ፣ ግንቦት 4

ኢሳያስ፦ አሳታሚው አለቀሰ። «ያን የለቅሶ ኳየር ማን አሠለጠነው?» ብሎ ጠየቀ። መሪዋን ሴትዮ ለሌላ ሥራ ሊያስፈርማት ይፈልጋል። ለእትዬ የወርቅውሃ ነገርኳቸው። «እኔ ሰው ሳይሞት አላለቅስም!» ብለው ተቆጡ። ቆይተው ደግሞ፣ «አዲስ አበባ ትራንስፖርቱን ማን ይችላል?» አሉኝ።

ኢሳያስ ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ «አንድ ነገር አልገባኝም። ሰዉ ያለቅሳል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ በድንገት ጸጥ ይላል። ፍቅሩ መሐል ላይ ተናግሮ ነበር እኮ። አጠገቡ ነበርኩ።»

«ስልክ ተደውሎልኝ ተቋርጧል።»

«ማን ደወለልህ?»

«እማዬ።»

እማዬ ያን ዕለት ከጎኔ ነበር የቆመችው።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

እንዲህ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም።

አሳታሚው ለማስታወቂያ ብሎ ከቅጂው ሦስት ደቂቃ ቴሌግራም ላይ ለቀቀ። የመረጠው እትዬ የወርቅውሃ የሚያለቅሱበትን ነው። ዛሬ ጠዋት የጋሽ ተሰማ ዘመዶች ከቢታ ገነት በአይሱዙ ተጭነው፣ ከከተማው መግቢያ ጀምሮ እየጮኹ መጡ። ጋሽ ተሰማ በራቸው ላይ ተቀምጠው ጢማቸውን እያስላጩ ነበር። አልጋቸውን ከለቀቁ ቆይተዋል። የእህታቸው ልጅ ከመኪናው ዘሎ ወረደና ፀጉር አስተካካዩ ላይ ተጠምጥሞ፣ «ወይኔ አጎቴን!» አለ።

«አጎትህ እኔ ነኝ» አሉት ጋሽ ተሰማ።

ልጁ አያቸው። ማልቀሱን ግን ወዲያው ማቆም አልቻለም፤ ብዙ መንገድ ሲያለቅስ ነው የመጣው።

ግማሽ ፊታቸው በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ቀጥ ብለው ቤታችን መጡ።

«ዮሴፍ! ወንድምህ ‹ማንም አልሞተም› ያለበት የት ገባ?»

«ተቋርጧል፣ ጋሽ ተሰማ።»

«ተቋርጧል? እንግዲህ እኔ ሞቼ ቀረሁ ማለት ነው! ለቅሶዬ አለ፣ ትንሣኤዬ የለም! ይህ ነገር ለሽያጭ ሲወጣ አገር ሁሉ ምን ይላል?»

እማዬ ወንበር አቀረበችላቸው። አልተቀመጡም።

«ደግሞ ‹ያ ለጋስ› የሚለው ላይ አንድ የሚስቅ ሰው ይሰማል። ማን ነው?»

«አላወቅኩትም» አልኩ። እኔ ነኝ። ወደ ስልኩ በጣም ቅርብ ስለነበርኩ ነው እንደዚያ ጎልቶ የሚሰማው።

ሲወጡ በሩ ላይ ዞር አሉ። «ለቅሶው ግን ጥሩ ነበር» አሉ ዝግ ብለው። «በቁሜ መስማቴ አልከፋኝም። ሁሉም ሰው ይህን ዕድል አያገኝም።»

ለእሳቸው ብቻ ብሎ ሰው በአይሱዙ መጣ። በቁማቸው። ለፍቅሩ ግን


ረቡዕ፣ ግንቦት 13

የዕድሩ አስቸኳይ ስብሰባ። ኢሳያስ በስልክ፣ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ። አጀንዳ አንድ፦ ጋሽ ተሰማ በሕይወት ስለመኖራቸው።

እትዬ የወርቅውሃ ለቅሷቸው ከአልበሙ እንዲቆረጥ ጠየቁ፤ ያለ ሟች ያለቀሰች ሴት ተብለው ሊቀሩ ነው። ጋሽ ተሰማ ለቅሶው እንዲቆይ፣ ሳቁ ብቻ እንዲቆረጥ ጠየቁ። ሌላው ደግሞ፣ «አልበሙ በየሱቁ ሲከፈት በየቀኑ ሰው ሞተ ብለን ልንወጣ ነው?» አለ። ይህ ሁሉንም አሳሰበ።

ኢሳያስ፣ «የፍቅሩ ንግግር ከሌለ ሌላ ሰው በድምፁ ቢያስገባው አይሻልም?» አለ። አሁን ሳስበው፣ ሆን ብሎ ያለው ይመስለኛል።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ወዲያው ተነሡ። መነጽራቸውን አድርገው ጻፉና አነበቡት፦ «ክቡራን አድማጮቻችን፤ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በተሰማው የጥሩንባ ድምፅ ምክንያት የሞተ አባል አለመኖሩን ዕድራችን ያረጋግጣል።»

«ማኅተምስ?» አለ አንዱ።

«ድምፅ ላይ ማኅተም እንዴት ይመታል?»

ተወያዩበት። በመጨረሻ ንባቡ እንዳለቀ ጸሐፊው ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ ድው እንዲያደርግ፣ ድምፁም አብሮ እንዲቀረጽ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ልምምድ ጀመሩ። «የሞተ አባል አለመኖሩን ዕድራችን ያረጋግጣል።» ድው። «ትንሽ ጠንከር አድርገህ ምታው።» ድው። «አሁን በጣም በዛ፤ የተጣላን ያስመስላል።» ድው።

ስድስተኛው ላይ ወጣሁ። ዝናብ ነበር። ጃኬቴን እዚያው ረሳሁት።

ያ የፍቅሩ ቃል ነው። የማኅተም ቃል አይደለም።


ያው ቀን፣ ማታ

አርባውን ሰከንድ ሰማሁት። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልጽፍም። ሙሉውን እዚህ ልገልብጠው። ከላይ ግማሹን ብቻ ነበር የጻፍኩት፦

«ኧረ ማንም አልሞተም! ቁጭ በሉ፣ ወገኖቼ። ወንበር ያላገኘ ሣሩ ላይ። እትዬ የወርቅውሃ፣ እንባዎን ይቆጥቡ፣ ይፈለጋል። ዮሴፍ፣ አንተም ቁጭ በል፤ ስልኩ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

እኔ አልተቀመጥኩም ነበር። እየሳቅኩ ቆሜ ቀረጽኩ።

የካቲት 26 ጠዋት፣ «ና፣ ሺሺንዳ አብረን እንሂድ፤ የሠርግ ሥራ ልነጋገር ነው፣ ከኋላዬ ትቀመጣለህ» አለኝ። ፈተና አለብኝ አልኩት። ፈተና አልነበረም። እንቅልፍ አምሮኝ ነው። አብሬው ብሄድ ቀስ ብሎ ይነዳ ነበር፤ እኔን ከጫነ ሁልጊዜ ቀስ ይላል።

ይህን ቅጂ ከሰጠሁ የሁሉም ሰው ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ይከፈታል። ሰው ስልክ ቻርጀር እየገዛ ይሰማዋል። እኔ ጋ ካለ ግን


ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ትምህርት ቤት። ሱሀይብ፣ «ጋሽ ሀብተሥላሴ ዛሬ አባቴ ሱቅ መጥተው ማይክሮፎን መረጡ» አለኝ። «ማኅተሙንም ይዘው ነበር፤ ለሙከራ።»

አልሳቅኩም። እሱም አልሳቀም። «ጆሲ፣ ቅጂውን አንተ ነህ የቆረጥከው፣ አይደል?» አለ። «ድምፁ ስልክ ሲደወል እንደዚያ አይቋረጥም። እኛ ይህን እናውቃለን።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። ያንተ ነው እኮ።»


ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

በእጄ መጻፍ ይከብደኛል፤ ሦስት ቦታ ተነድፌያለሁ። አራተኛው ከንፈሬ ላይ ነው።

በእግሬ ማንኪራ ሄድኩ። ጋሽ ባፈና የጫካ ጎጇቸው ደጃፍ ላይ ገመድ እየገመዱ ነበር።

«ጋሼ፣ ያ ቀፎ ይውረድ።»

«ማሩ ደርሷል። ግን አንተ ማር ፈልገህ አልመጣህም።»

«አልመጣሁም።»

«ሦስት ወር ጠበቅኩህ» አሉ። «በያንዳንዱ ሳምንት ዛፉ ሥር እሄዳለሁ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እላለሁ። ስሸከመው እኮ ውስጡ ይንኳኳ ነበር፣ ልጄ። የማላውቀው ድምፅ መሰለህ?»

«ለምን ዝም አሉ?»

«ያንተ ሐዘን ነው። እኔ እንዴት አወርደዋለሁ?»

ግንዱ ላይ ገመዳቸውን አዙረው ወጡ። እኔ ልውጣ ስላቸው፣ «የጎደለኝ ጥርስ ነው፣ እግር አይደለም» አሉ። በጢስ ንቦቹን አባረው ቀፎውን በገመድ አወረዱልኝ። ሁሉም ንብ አልሄደም ነበር።

ትራምፔቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር የማር እንጀራ ተገንብቶበታል። አፉ ላይ ሰም፣ ቁልፎቹ መሐል ሰም። ንቦቹ እንደ ቤታቸው ምሰሶ ነው የተጠቀሙበት። በሞቀ ውኃ አጠብነው። ሦስቱ ቁልፎች ግን አልተንቀሳቀሱም፣ ተጣብቀው ቀሩ።

«አሁን ጃዝ አይሆንም» አልኩ።

«ለዕድር ቁልፍ አያስፈልግም» አሉ ጋሽ ባፈና። «አንድ ድምፅ ይበቃል። ንፋ።»

ባበጠ ከንፈሬ ነፋሁ። የወጣው ድምፅ የታመመ ጥጃ ነው።

«እኔም የጀመርኩት እንደሱ ነበር» አሉኝ። መዋሸታቸው ያስታውቃል።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

ለጋሽ ሀብተሥላሴ ሁሉንም ተናገርኩ። ትራምፔቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። እስካሁን ማር ያንጠባጥባል።

ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። ከዚያ የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ አወጡና ገጽ በገጽ አነበቡ።

«አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል ይላል» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ። በኔ ጥፋት ነው ያልተነፋው።»

«ቆይ። መቼ ይነፋል አይልም።» ወደ ኋላም ወደ ፊትም ገለጡ። «የትም ቦታ ላይ አይልም። እንግዲህ ደንቡ አልተጣሰም፤ ዘግይቷል እንጂ። እሑድ ይነፋል።»

አርባውን ሰከንድ ለኢሳያስ ላክሁለት። «ይኸው ሙሉው። ያኔ ማንም አልደወለልኝም» ብዬ ጻፍኩ።

መልስ አልጻፈም። ትንሽ ቆይቶ ደወለ፤ ስለ እሑዱ ነገርኩት፤ «አልበሙን ይዤ እመጣለሁ» አለኝ።


እሑድ፣ ሰኔ 1

ጎህ ሳይቀድ ወጣን፣ እኔና ጋሽ ባፈና። ከንፈሬ ድኗል፣ ድምፁ ግን ከጥጃው ብዙም አልራቀም። መጨረሻው ላይ እንደ ፍቅሩ ላጥፈው ሞከርኩ፤ ተሰበረ። ጋሽ ባፈና በተራቸው ተጣሩ፦

«የወይዘሮ የሺሃረግ ልጅ ፍቅሩ አርፏል! ቀብሩ...» ቆሙ። አሰቡ። «ቀብሩ የካቲት ሃያ ሰባት ተፈጽሟል! ለቅሶው ዛሬ ነው!»

በር ተከፈተ። እትዬ የወርቅውሃ ብቅ አሉ።

«ማን ሞተ?»

«ፍቅሩ» አልኩ። ሞቱ ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

«ውይ፣ እሱማ ሞቷል እኮ፣ ልጄ!»

«ያኔ አልተነፋለትም።»

አዩኝ። ትራምፔቱን አዩ። ወደ ውስጥ ተመልሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡና ከኋላችን ተከተሉ። በሚቀጥለው ቤትም እንዲሁ ሆነ፣ በሚቀጥለውም። እኛ በር ስንደርስ እማዬ ቆማ ትጠብቀናለች። ነጠላዋን ከየካቲት ጀምሮ እንዳዘቀዘቀች ናት።

ረፋድ ላይ ድንኳኑ ሞላ። የማንኪራ ሰዎች መጡ፣ የላይኛው መንደር መጣ፣ ከቢታ ገነት ያው አይሱዙ መጣ። የጋሽ ተሰማ የእህት ልጅ መጀመሪያ አጎቱን ዳሰሳቸው፣ ካረጋገጠ በኋላ ለፍቅሩ አለቀሰ። ወንበር አልቆ ሰው ቆመ። እማዬ ወንበሮቹን ተመለከተች፤ ከዚያ እኔን።

ሱሀይብ ከሱቃቸው ትልቁን ስፒከር አመጣ። ኢሳያስ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ፣ አልበሙን ይዞ መጣ። ስሙን የመረጡት አሳታሚው ሳይሆን ጋሽ ተሰማ ናቸው፦ «ማንም አልሞተም»።

ተከፈተ። የሆቴሉ ብርጭቆ ይንኳኳል፣ ኪቦርዱ ይጀምራል፣ መብራት ይጠፋል። ከዚያ ፍቅሩ ብቻውን። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ማልቀስ ጀመረ፤ አልበሙ ውስጥ ያለውም ሰው ያለቅሳል። እትዬ የወርቅውሃ ከእትዬ የወርቅውሃ ጋር ያለቅሳሉ፤ የትኛው ለቅሶ የድንኳኑ፣ የትኛው የአልበሙ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ጋሽ ተሰማ ስማቸው ሲጠራ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። የኔ ሳቅም መጣ። ዞር ብለው አዩኝ።

«ኧረ ማንም አልሞተም! ቁጭ በሉ፣ ወገኖቼ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ጋሽ ተሰማ መጀመሪያ ቁጭ አሉ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ የቆመው ሁሉ፣ ወንበር ያላገኘው ሣሩ ላይ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ማኅተሙን ኪሳቸው ውስጥ እንደያዙ ተቀመጡ። መጨረሻ ላይ ቆሜ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ከስፒከሩ አጠገብ፣ ትራምፔቱን ታቅፌ።

«ዮሴፍ፣ አንተም ቁጭ በል።»

ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞረ።

ቁጭ አልኩ።